የጣልያንኛ ሰላምታ

የጣልያንኛ ሰላምታ ጣልያንኛ ተናጋሪዎች ሲገናኙና ሲለያዩ የሚለዋወጧቸው ቃላትና ከቃላቱ ጋር አብሮ የሚሄደው የአክብሮት ሥርዓት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ከእነዚህ ቃላት አንዱን ሳይማር ያውቀዋል፤ «ቻው» ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ሆኖም የቃሉ አገልግሎት በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ አይደለም። በአማርኛ ቻው የመሰናበቻ ቃል ብቻ ሲሆን፣ በጣልያንኛ ግን ለመገናኛም ለመለያያም ያገለግላል። ደግሞም «አንተ» ወይም «አንቺ» ለሚባል ሰው እንጂ «እርስዎ» ለሚባል ሰው አይነገርም። ጀማሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ በታች ለማነጻጸሪያ በብዛት የተወሰደው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ማለትም በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ፣ የሚታወቀው የሰላምታ ሥርዓት ነው። አንቱታው፣ ለታላቅ መነሣቱና ደጅ ቆሞ መጣራቱ እዚያ ከከተማ ይልቅ ጎልተው ስለሚታዩ፣ ከጣልያንኛው ጋር የሚገጥሙበትና የማይገጥሙበት ቦታ በግልጽ ይለያል።

ቻው

ቃሉ የተወለደው በቬኒስ ነው። የቬኒስ ሰዎች ሰላምታ ሲሰጡ «ባሪያዎ ነኝ» ይሉ ነበር። በቬኒስ አነጋገር ባሪያ «ስቻቮ» ይባላል፤ ይህም በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ስክላቩስ» ከሚለው ቃል የወረደ ነው። አባባሉ እያጠረ መጥቶ አንድ ቃል ብቻ ቀረ፤ እሱም ተቆራርጦ «ቻኦ» ሆነ። በአማርኛ ደብዳቤ ግርጌ «ታዛዥዎ» ብሎ እንደ መፈረም ያለ ነገር ነበር ማለት ነው። የሚገርመው፣ ራስን እጅግ ዝቅ በማድረግ የጀመረው ቃል ዛሬ በጣልያንኛ የእኩዮችና የቤተሰብ ቃል ሆኖ መገኘቱ ነው። ከሰሜን ጣልያን ወደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል የተስፋፋው በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት ነው።

ወደ አማርኛ ሲገባ ሁለት ነገር ጠፋበት። አንደኛ፣ «እንደምን ነህ» የሚለው ግማሹ ትርጉም ቀረ። ሁለተኛ፣ ለእኩያና ለታናሽ ብቻ የሚለው ገደብ ላላ። በአዲስ አበባ ለመሥሪያ ቤት አለቃም ለጎረቤት እናትም ቻው ሲባል ይሰማል፤ አክብሮቱ ከጎኑ በሚቆመው ቃል ይሞላል፦ «በሉ ቻው»፣ «እሺ እትዬ፣ ቻው»። በመንዝ ገጠር ሽማግሌ ፊት ግን «ደህና ይዋሉ» ወይም «ደህና ይሰንብቱ» ማለት ይሻላል።

ስለዚህ ጣልያን አገር የደረሰ አማርኛ ተናጋሪ በአንድ ቃል ሁለት ስሕተት ሊሠራ ይችላል። በር ላይ «ቻኦ!» ሲባል ገና ሳይገባ የተሰናበተ ይመስለዋል። ሲወጣ ደግሞ ያከሙትን አዛውንት ሐኪም «ቻው» ብሎ ይሄዳል፤ ይህ በአማርኛ ሽማግሌን «አንተ» እንደ ማለት ሊቆጠር ይችላል።

አንቱታ

በጣልያንኛ አንድን ሰው ለማነጋገር ሁለት መንገድ አለ። «ቱ» ለቤተሰብ፣ ለጓደኛ፣ ለልጅና ለእኩያ ነው፤ «ሌይ» ለማይታወቅ ሰው፣ ለታላቅ፣ ለሐኪም፣ ለመምህርና ለባለ ሥልጣን ነው። ልዩነቱ ከአማርኛው «አንተ» እና «እርስዎ» ጋር በጣም ይቀራረባል። እንግሊዝኛ ለዚህ የተለየ ቃል ስለሌለው፣ በዚህ ረገድ አማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይልቅ ወደ ጣልያንኛ የሚገባው ግማሹን መንገድ ጨርሶ ነው።

የሰዋስው ዘዴውም ይመሳሰላል። ሁለቱም ቋንቋዎች ሰውን ሲያከብሩ በቀጥታ ፊት ለፊት አይጠቁሙም። በአማርኛ «እርስዎ መጡ» ሲባል ግሱ «እነርሱ መጡ» ከሚለው ጋር አንድ ነው፤ አንድ ሰው እንደ ብዙ ይቆጠራል። በጣልያንኛ ደግሞ «ሌይ» የሚለው ቃል ትርጉሙ «እርሷ» ነው፤ ሰውየው እንደ ሩቅ ሰው ይቆጠራል፣ ግሱም በሦስተኛ መደብ ነጠላ ይረባል። ወንድም ሴትም «ሌይ» ይባላል። ከዚህ የተነሣ «ኮሜ ስታይ?» ማለት «እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ» ሲሆን፣ «ኮሜ ስታ?» ማለት «እንዴት ነዎት» ነው። በመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ይለያያሉ፤ በመንዝ «እንደምን አደርክ» እና «እንደምን አደሩ» የሚለያዩትን ያህል ግን ትልቅ ልዩነት ነው።

ከአማርኛ ወደ ጣልያንኛ በስልክ ለሚያስተረጉም ሰው እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የትርጉም ፕሮግራሙ በመካከል በእንግሊዝኛ በኩል የሚያልፍ ከሆነ አንቱታው እዚያ ይቀራል። «እርስዎ» ተብሎ የተጻፈው በሌላው ጫፍ «ቱ» ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የወጣውን ዓረፍተ ነገር «ሌይ» በሚለው መንገድ ማስተካከል የሚችለው ሥርዓቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ብቻ ነው።

ከ«ሌይ» ወደ «ቱ» መሸጋገር በግብዣ ይሆናል። ታላቁ፣ ወይም በሥልጣን ከፍ ያለው፣ «ዲያሞቺ ዴል ቱ» ይላል፤ «አንተ እንባባል» እንደ ማለት ነው። ታናሹ ቀድሞ መጀመር የለበትም። በወጣቶች መካከል፣ በተማሪ ቤትና በስፖርት ሜዳ ግን ማንም ግብዣ አይጠብቅም፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ «ቱ» ነው።

ሦስተኛም ቃል አለ፤ «ቮይ»። ትርጉሙ «እናንተ» ሲሆን፣ ዱሮ ለአክብሮት ያገለግል ነበር፣ በደቡብ ጣልያን ዛሬም ለአዛውንት ይነገራል። የፋሺስት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 «ሌይ» የባዕድ ልማድ ነው በሚል በምትኩ «ቮይ» እንዲባል አዘዘ። ትእዛዙ ከመንግሥቱ ጋር ወደቀና ሕዝቡ ወደ «ሌይ» ተመለሰ። የአሁን ዘመን ተማሪ «ሌይ»ን ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል።

እንደ ሰዓቱ

የአማርኛ ሰላምታ ያለፈውን ጊዜ ይጠይቃል፤ «እንደምን አደሩ» ስለ ሌሊቱ፣ «እንደምን ዋሉ» ስለ ቀኑ ነው። የጣልያንኛው ወደ ፊት ይመኛል። «ቡዎንጆርኖ» ቃል በቃል «መልካም ቀን» ማለት ሲሆን፣ ከጠዋት ጀምሮ ቢያንስ እስከ እኩለ ቀን ይነገራል። ከዚያ በኋላ «ቡዎናሴራ» ይተካል። መቼ እንደሚተካ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በአንዳንድ አካባቢ፣ ለምሳሌ በቶስካና፣ ገና ከምሳ በኋላ ይጀመራል፣ በሌላው ወደ አመሻሹ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር 11 ሰዓት ገደማ ይጠበቃል። የተጠራጠረ ሰው ሌላው ያለውን ደግሞ ቢመልስ አይሳሳትም።

«ቡዎናኖቴ» የመገናኛ ቃል አይደለም። «ደህና እደሩ» እንደ ማለት ስለሆነ የሚነገረው ወደ መኝታ ለሚሄድ ወይም ሌሊት ለሚለያይ ሰው ብቻ ነው። በምሽት ለእራት የተጠራ እንግዳ በር ላይ «ቡዎናኖቴ» ቢል፣ መጣሁ ብሎ ሳይሆን ሄድኩ ብሎ ነው የሚሰማው።

ሲለያዩ «ቡዎና ጆርናታ» (ደህና ይዋሉ) ወይም «ቡዎና ሴራታ» (ደህና ያምሹ) ይባላል። ከ«ቡዎንጆርኖ» እና ከ«ቡዎናሴራ» ጋር እጅግ ስለሚመሳሰሉ ጀማሪዎች ይቀላቅሏቸዋል፤ ረዘም ያሉት ሁልጊዜ የመሰናበቻ ናቸው። «አሪቬዴርቺ» በየትኛውም ሰዓት የሚሆን አክባሪ መሰናበቻ ነው፤ «እስክንገናኝ» እንደ ማለት ነው። ከዚህም ከፍ ሲል «አሪቬዴርላ» ይባላል፤ በውስጡ የ«ሌይ» አክብሮት አለ። አንቱ ይበሉ ወይስ አንተ ገና ላልቆረጠ ሰው ደግሞ «ሳልቬ» አለ፤ ከላቲን የቀረ ቃል ነው፣ ትርጉሙም «ጤና ይስጥልኝ» ከሚለው ብዙ አይርቅም።

ከመጀመሪያው ቃል በኋላ ያለው ንግግር አጭር ነው። በሰሜን ሸዋ ገጠር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እህሉና ስለ ዝናሙ ሳይጠያየቁ አይተላለፉም፤ በየመሐሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይመላለሳል። ጣልያናዊ «ኮሜ ስታ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠብቀው «ቤኔ፣ ግራትሲዬ። ኤ ሌይ?» የሚል ነው፤ «ደህና፣ አመሰግናለሁ። እርስዎስ?»። የመጨረሻው ጥያቄ እንዳይረሳ፤ እሱን መተው ሰላምታውን ሳይመልሱ እንደ መሄድ ይቆጠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተዋወቁት ሰው እጅ እየጨበጡ «ፒያቼሬ» (ደስ ብሎኛል) ማለት ይበቃል። የተቀመጠ ሰው ለመጨበጥ ይነሣል። ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም የወዳጆች ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው። ሦስትና አራት ለለመደ ኢትዮጵያዊ ሦስተኛው አየር ላይ ሊቀርበት ይችላል።

ደጅና ስም

በመንዝ ወደ ሰው ቤት የሚሄድ ሰው ከውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥ «ይግቡ» እስኪባል ይጠብቃል (ውሻ ካለም መጠበቁ ለራሱ ይጠቅመዋል)። ሲገባ የተቀመጡት «ኖር!» ብለው ይነሣሉ፤ እሱም «በእግዚአብሔር!» ብሎ እንዲቀመጡ ይለምናል። ጣልያንኛ ለዚህ የቀረበ ጥያቄና መልስ አለው። ተጋብዞ የመጣ እንግዳ፣ በሩ ተከፍቶለት እንኳ፣ ደጃፉን ሲሻገር «ፔርሜሶ?» ይላል፤ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ባለቤቱ «አቫንቲ» ወይም «ፕሬጎ» ብሎ ያስገባዋል። ሳይሉ መግባት ለጓደኛ ይታለፋል፤ ለእንግዳ ግን ያስነቅፋል። «ፔርሜሶ» በአውቶቡስ ውስጥ ሰው አልፎ ለመውረድም ያገለግላል፣ «ይለፉኝ» እንደ ማለት። ይቅርታ ለመጠየቅ ወይም የማይታወቅ ሰው ለማስቆም «ስኩዚ» ነው፤ «ስኩዛ» ያው ቃል በአንተታ ነው።

አጠራር ላይ ሁለቱ ሥርዓቶች ይራራቃሉ። አማርኛ ማዕርግን ከራስ ስም ጋር ያያይዛል፤ አቶ ከበደ፣ ዶክተር አልማዝ። ጣልያንኛ ግን ከቤተሰብ ስም ጋር ያያይዘዋል፤ «ሲኞር ሮሲ»፣ «ዶቶር ቢያንኪ»። በዚህ ምክንያት የኢትዮጵያዊ አባት ስም በጣልያን መዝገብ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይጻፋልና፣ ከበደ ተሰማ የተባለ ሰው በሐኪም ቤት «ሲኞር ተሰማ» ተብሎ ሲጠራ አባቱን የሚፈልጉ እንዳይመስለው። «ሲኞራ» ለሴት ነው፤ «ሲኞሪና» (ወይዘሪት) ለአዋቂ ሴት መባሉ እየቀረ ነው። «ዶቶሬ» ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ለጨረሰ ሁሉ ይሰጣል። «ጋሼ»ን እና «እትዬ»ን የሚተካ ቃል ግን የለም፤ የማያውቁትን ታላቅ ሰው በዝምድና ስም መጥራት በጣልያንኛ አልተለመደም። ለአማርኛው ልማድ የሚቀርበው የካቶሊክ ቄስ ብቻ ነው፤ «ዶን» በሚለው ማዕርግ ከራስ ስሙ ጋር ይጠራል፣ እንደ ዶን ማርኮ።

ጣልያንኛ በሰሜን ሸዋ

በአካባቢው ጣልያንኛ መሰማት የጀመረው ከወረራው በፊት ነው። የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1876 በኦራትሲዮ አንቲኖሪ መሪነት ወደ ሸዋ መጡ፤ ንጉሥ ምኒልክም በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጧቸው። አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሞተ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌን ውል ከምኒልክ ጋር የተደራደረው ፒየትሮ አንቶኔሊም በሸዋ የቆየ ሰው ነበር። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚል ትርጉም ሲኖረው ጣልያንኛው ወደ ግዴታ ያደላ ነበር፤ ጠቡም ከዚያ ተነሣ።

ትምህርቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ሄዷል። ኢግናትሲዮ ጉዊዲ የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1901 በሮም አሳተመ፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኔፕልስ ለጣልያን ተማሪዎች አማርኛ አስተምሯል። ያ ዘመን ሁለቱ ቋንቋዎች በመጽሐፍና በመምህር የተገናኙበት ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ግን ጣልያንኛ ወደ መንዝ የመጣው በሰላምታ አልነበረም። ደጋው በኋላ ራስ የተባሉት አበበ አረጋይ ከጠላት ጋር የተዋጉበት ምድር ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ከአርበኞች ጋር የተጠለሉ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ጭምር በነበሩበት የዘረት ዋሻ የመርዝ ጋዝ ተጠቀመ፤ ከዋሻው የወጡትን ወንዶችም ረሸነ። በዚህ አገር ጣልያንኛ ሰላምታ የሚያስተምር ሰው በአዛውንት ዘንድ ቋንቋው ምን እንደሚያስታውስ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

በዚያን ጊዜና ከዚያም በኋላ በሥራ ቦታ የተነገረው ጣልያንኛ የተቆራረጠ ነበር። ሀብተ ማርያም ማርቆስ እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመ ጥናቱ እንደገለጸው፣ በኢትዮጵያ የተለመደው ቀላል ጣልያንኛ ግሱን እንደ ተናጋሪው አያረባም። ግሱ ካልረባ ደግሞ «ስታይ» እና «ስታ» አይለዩም፤ አንቱታው የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። አማርኛ የወሰዳቸው ቃላትም ይህንኑ የሚመሰክሩ ይመስላል፤ መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፌርማታ፣ ፋብሪካ፣ ፊርማ፣ ፓስታ። የጋራዥ፣ የመንገድና የምግብ ቃላት ገቡ፣ ከሰላምታ ግን ቻው ብቻ። «ቡዎንጆርኖ» እና «ሌይ» ውጭ ቀሩ።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ወደ መሐል ሜዳ የሚታጠፈው ሰው የሚለየው ጣርማ በር ላይ፣ በወረራው ጊዜ ከተሠራው ዋሻ አጠገብ ነው። በዚሁ መንገድ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ወደ መንዝ ጓሳ የውጭ ጎብኚዎች ይሄዳሉ። ጣልያናዊ ሽማግሌ የሚቀበል ወጣት አስጎብኚ «ቻው» ከሚል ይልቅ «ቡዎንጆርኖ፣ ሲኞሬ። ኮሜ ስታ?» ቢል ይሻላል።

በጣልያን አገር

ቋንቋውን በአዲስ አበባ የሚማሩ አሉ፤ ብዙዎች ግን የሚማሩት እዚያው ጣልያን ደርሰው፣ በሥራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ብዙ ሴቶች በቤት ሠራተኝነትና አረጋውያንን በመጦር ኖረዋል። ከአሠሪ ጋር «ሌይ» መጀመር፣ አሠሪዋ «ቱ በይኝ» እስክትል መቆየት የተለመደው መንገድ ነው።

በደጃፍ የሚባለው «ፔርሜሶ» የመኖሪያ ፈቃድም ስም ነው፤ «ፔርሜሶ ዲ ሶጆርኖ»። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የረጅም ጊዜ ነዋሪነት ለሚጠይቅ ሰው የኤ2፣ ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ዜግነት ለሚጠይቅ የቢ1 ደረጃ ጣልያንኛ ያስፈልጋል። በ«ሌይ» መነጋገር ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነው።

ከፈተናው በላይ ግን በመስኮት በኩል ያለው ንግግር ይከብዳል። በመሥሪያ ቤት ጣልያናዊው «ሌይ» ሲባል ከኋላው የተሰለፈው የውጭ አገር ሰው «ቱ» መባሉ በተደጋጋሚ የሚነሣ ቅሬታ ነው። ሁልጊዜ ንቀት አይደለም፤ አንዳንዱ ለእንግዳው ቀላል ይሆንለታል ብሎ ያደርገዋል፣ የገጠር አሮጊትም ማንንም «ቱ» ልትል ትችላለች። ሁለቱን የማይለይ ሰው ግን የቱ እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። የሚለይ ሰው፣ ሠራተኛው «ቱ» እያለው እሱ በ«ሌይ» ቢቀጥል፣ ሳይጣላ ነገሩን ሊያስታውሰው ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ሠራተኛው ወደ «ሌይ» ይመለሳል።

አነባበብ

የጣልያንኛ ድምፆች ለአማርኛ ተናጋሪ አይከብዱም። መጥበቅና መላላት በሁለቱም ትርጉም ይለውጣል፤ አማርኛ «ገና» ሲላላ «እስካሁን»፣ ሲጠብቅ በዓሉ እንደሆነ ሁሉ፣ ጣልያንኛ «ፔና» ሲላላ ሥቃይ፣ ሲጠብቅ ብዕር ነው። ጣልያንኛ የጠበቀውን ፊደል ደግሞ ስለሚጽፍ ንባቡ እንዲያውም ይቀላል። በ«ቡዎናኖቴ» ውስጥ «ቴ»፣ በ«አሪቬዴርቺ» ውስጥ «ሪ»፣ በ«ፔርሜሶ» ውስጥ «ሶ» ይጠብቃሉ። በ«ግራትሲዬ» ውስጥ ያለው «ትሲ» የአማርኛው «ጺ» አይደለም፤ «ት»ና «ስ» ተያይዘው፣ ጉሮሮ ሳይታፈን ይነገራሉ። «ቡዎን» በአንድ ትንፋሽ ይባላል፣ ከ«ቧ» በሚቀራረብ አፍ፣ ግን ወደ «ኦ» አድልቶ። «ቻኦ» የሚለውን «ቻው» ብሎ ማንበብ ማንንም አያሳስትም።